ዳለቻን ፍለጋ እስከ ጎበሳ

ቅዳሜ ንጋት፣ ከአዲስ አበባ ስንወጣ

ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሳነው፤ እኔ፣ የወንድሜ ልጅ ብሩክ እና የብሩክ መኪና። መኪናዋን ከሰው እኩል የቆጠርኳት እሱ ራሱ እንደ ሰው ስለሚቆጥራት ነው። በሩን ስዘጋ «አጎቴ፣ ቀስ አድርገህ ዝጋት፤ ይከፋታል» ይለኛል። ይከፋታል! ለእኔ ወገብ እንኳ እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም። ነገር ለማብረድ ብዬ ቀለሟን ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አሽ ናት።»

ስሙልኝ እንግዲህ። እኔ ፒያሳ ውስጥ ሱፍ ስሰፋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በእኔ ሱቅ ግራጫ ማለት አንድ ቀለም አልነበረም። አመድማው አለ፣ አይጥማው አለ፣ ጭስ የመሰለው አለ፤ ከሩቅ ጥቁር የሚመስልና ፀሐይ ላይ ሲወጣ የሚክድህም አለ። ደንበኛ መጥቶ ጨርቁን በጣቱ አሽቶ፣ ደጅ አውጥቶ አይቶ ነበር የሚመርጠው። አሁን ሙሽራው ይመጣና «አሽ ይሁንልኝ» ይላል። የትኛው አሽ ስለው «ኖርማሉ አሽ» ይለኛል። ኖርማል አሽ! እናቱ ምድጃ ስር ያሳደገችው ልጅ አመድ የሚለው ቃል ጠፍቶበት በፈረንጅ አፍ አመድ ይለኛል። መንገዱ ዳር ያለው ሕንፃ፣ አጥር፣ የብረት በር፣ መኪና፣ ሱሪ ሁሉ ግራጫ ሆኗል፤ ስሙን የሚጠራው ሰው ግን ጠፍቷል። አገር ምድሩ አመድ ለብሶ አመድ ማለት የሚያፍርበት ዘመን ላይ ደረስን።

የሄድነው ግን ለቀለም ሳይሆን ለፈረስ ነው። አሰላ የምትኖረው ታላቅ እህቴ አስካለ ፈረሷ ጠፍቶባታል። ባለቤቷ ጋሽ በዳዳ ካረፈ ወዲህ የምትኖረው በጋሪ ነው፤ ፈረሱ ይጎትታል፣ ከድር የሚባል ጎረቤቷ ይነዳል፣ ገቢውን ይካፈላሉ። ባለፈው ወር ፈረሱ ለግጦሽ እንደወጣ ቀረ። ፈረስ የሌለው ጋሪ ደግሞ ጎማ ያለው ቃሬዛ ነው። ሌላ እንግዛልሽ ብንላት እንቢ አለች። ፈረሱ ግቢዋ ውስጥ የተወለደ፣ ጋሽ በዳዳ በእጁ ያሳደገው ነው። ስሙ ዳለቻ ነው።

ብሩክ ያው የዘመኑ ልጅ አይደል፣ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አወጣላት። «አሽ ከለር ፈረስ ጠፍቷል፤ ያገኘ ይደውል።» ድሮ ክረምቱን እሷ ጋ ሲያሳልፍ ያነሳውን ፎቶም ለጠፈበት። ስቄ ነበር። ለፈረስ አሽ ከለር! ነገር ግን ሳቄ ሳይደርቅ ከጎበሳ ስልክ ተደወለ። ፎቶው ላይ ያለው ፈረስ ባዝኖ ተገኝቶ ሽማግሌ ቤት ታስሯል፤ ሌላ ሰውም የእኔ ነው ብሏል፤ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፤ ካልደረሳችሁ ለሰውየው ይሰጣል። ወገቤን አስሬ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ረፋድ፣ ኢተያ

አዳማን አልፈን ዳገቱን ከወጣን በኋላ አየሩ ተለወጠ። ኢተያ ስንዴ ናት። ግራ ቀኙ ስንዴ፣ የጭነት መኪናው ላይ ስንዴ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጅ የተኮለኮለው ጆንያ ስንዴ። ቁርስ ያዘዝነው ጨጨብሳ ግን ስንዴ እንዳልሞላበት አገር ኩርምት ብሎ መጣ፤ ማሩ ደግሞ የሳህኑን ጥግ ብቻ ባርኮ አልፏል። አስተናጋጇ ዋጋውን ስትነግረኝ ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ደገመችልኝ። አልቀነሰም።

ከቡና ቤቱ ፊት ለፊት ጆንያ የተጫነች አህያ ቆማለች። ብሩክን ላስተምረው ብዬ አጠገባችን ሻይ የሚጠጡ አንድ ጫኝ ሰውዬን ጠየቅኳቸው።

«ወንድሜ፣ ያቺ አህያ ቀለሟ ምንድን ነው?»

ሰውዬው አህያዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና አህያዋን አዩ።

«የአህያ ነዋ!»

ብሩክ ሻዩ ትን አለው። እኔም ከዚያ ወዲያ ሰው መጠየቅ ተውኩ። ዳለቻ ቢሉኝ ምን ነበረበት? ዳለቻ የሚለውን ቃል አማራውም ኦሮሞውም እኩል ይለዋል፤ ማን ከማን እንደወሰደው የተማሩት ይከራከሩበት። ከብት ባለበት ቤት ሁሉ ዳለቻ አለ፤ ዳለቻ በሬ፣ ዳለቻ በቅሎ፣ ዳለቻ ፈረስ። ሱፍ ግን ዳለቻ አይባልም። ለምን እንደማይባል ራሴን ስጠይቅ መልስ አጣሁ፤ ለብሩክ ግን አልነገርኩትም።

አሰላ

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነው የደረስንባት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በቂቤ የራሰ የገብስ ጭኮ በዕቃ ሞልታ፣ የፈረስ ማሰሪያ ገመድ በክንዷ ጠቅልላ ይዛለች። ሰላምታችን ሳያልቅ መኪናው ውስጥ ገባች። በሩንም እንዳሻት ደብድባ ዘጋችው። ብሩክ ትንፍሽ አላለም።

ጋሪው አጥሩ ጥግ አፍንጫውን መሬት ደፍቶ ተቀምጧል። ከድር እሱን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ስራ ከፈታ ሰንብቷል፤ ያም ሆኖ ወደ መስኮቱ መጥቶ እጇን ያዛትና «አዴ አስካለ፣ አላህ ያግራልሽ» አላት።

«አሜን። ጎማውን ንፋልኝ፤ ማታ እንገባለን» አለችው። ማታ እንገባለን ስትል ፈረሱንም ጨምራ ነው።

ከተማውን ስንወጣ የጭላሎ ተራራ ደመናውን ጋቢ አድርጎ ለብሶ ተቀምጧል። ዝም ማለት አልችልበትምና ጀመርኳት።

«እትዬ፣ የብሩክን ማስታወቂያ ሰምተሻል? ፈረስሽን እኮ አሽ ነው ያለው።»

«ምን ማለት ነው?»

«አመድ ማለት ነው።»

«አመድ ይሁን በለው፤ ብቻ ይገኝ።» ዞር ብላም «አንተም ነገር አታብዛ፤ ጭኮ ብላ» አለችኝ። አፌን በጭኮ ዘጋችው። ቂቤዋን አትቆጥብም፤ እንዲህ ከሆነ መዘጋትም ደግ ነው።

ከሳጉሬ ወዲያ

አስፋልቱን ስንለቅ የብሩክ ፊት ጠቆረ። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ በማይኖርበት ጉድጓድ ነው፤ ሁለቱም በማይኖሩበት በግ ነው። ገብሱ ከመንገዱ ጫፍ ተነስቶ ተራራው ድረስ ይሄዳል። ፈረሰኞች ጋቢያቸውን ነፋስ እየነፋው በጎናችን ያልፉናል። ያልፉናል ነው ያልኩት፤ እኛ በመኪና ሆነን። አንዱ ዞር ብሎ ሲያየን ፊቱ ላይ የነበረው አዘኔታ እስካሁን ያንገበግበኛል።

«አጎቴ፣ ፈረሱን በምን እንወስደዋለን?» አለ ብሩክ በድንገት።

እውነት ለመናገር ይህን ማንም አላሰበውም። እኔ ስለ ቃሉ ሳስብ፣ እሱ ስለ መኪናው ሲያስብ፣ ፈረሱ የሚጫንበት ነገር ተረሳ።

«ከድር እዚህ አገር ወንድም አለው፤ መንገዱን ያውቀዋል፤ ከኋላችን ጋልቦ ያመጣዋል» አለች እህቴ። እሷ አስባዋለች። ገመዷን ከክንዷ ፈትታ እንደገና ጠቀለለች። መንገዱን ሙሉ ስትፈታና ስትጠቀልል ነበር።

ጎበሳ

ሽማግሌው ሐጂ ቃሲም ይባላሉ። የባዘነ ከብት ሲገኝ እሳቸው ግቢ ይታሰራል፤ በገበያ ቀን ይለፈፋል፤ የእኔ ነው ያለ ይመጣል። ደንቡ ደግሞ እንዲህ ነው። ባለቤት ነኝ ባዩ ለበረቱ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ከብቱን ሳያይ ይናገራል። ሐጂ ይጠይቃሉ፣ አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌዎች ይሰማሉ፣ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይወጣል።

ንግግሩ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነበር፤ አሰላ ያደገ ሰው ሁለቱንም ይሰማልና አልተቸገርንም። ብሩክ ግን ገና ሳይቀመጥ ስልኩን መዘዘ።

«ሐጂ፣ ፎቶ አለን። ይኸው ይዩት፤ ነገሩ ባጭሩ ያልቃል።»

«ስልክህን ኪስህ ክተት፣ ልጄ» አሉት። «ፎቶውንማ የእናንተን ማስታወቂያ ያየ ሁሉ ይዞታል። እሱም ይዞታል።»

በአገጫቸው ያመለከቱት አጠገባችን የተቀመጠውን ሌላኛውን ባለቤት ነኝ ባይ ነው። የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ጫማው ጭቃ ያልነካው ሰው ነው። በዚያ መንገድ ያለ ጭቃ መምጣት እንዴት እንደሚቻል እሱ ይወቅ። ስሙን ነግሮን ነበር፤ ለዚህ ጽሑፍ አላበቃውም።

መጀመሪያ የተጠየቀው እሱ ነው።

«ፈረስህ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ዳለቻ ነው። በረቴ ውስጥ ነው የተወለደው።»

ቃሉን ከዚህ አፍ መስማቴ አቃጠለኝ። እኔ ከአዲስ አበባ ጀምሬ የማሞጋግሰውን ቃል ባለ ጃኬቱ እንደ ጥርስ መጎርጎሪያ አወጣው።

«ሲወለድስ ምን ነበር?» አሉት ሐጂ።

«ሲወለድም ዳለቻ። እናቱም ዳለቻ ናት። እንዳለ ነው የወጣው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱን ሳላቸው። ሐጂ ወደ እህቴ ዞሩ።

«አዴ፣ ያንቺስ?»

«ዳለቻ ነው፣ ሐጂ። ስሙም ዳለቻ ነው።»

«ሲወለድስ?»

«ሲወለድ ጥቁር ነበር። ከሰል።»

«ጥቁሩን ለምን ዳለቻ አላችሁት?»

እህቴ ገመዱን ጉልበቷ ላይ አደረገችው። «ባለቤቴ ነው ያወጣለት። በተወለደ በማግስቱ ዓይኑ ዙሪያ ነጫጭ ፀጉር አየበትና ‹ይሄ ጥቁር ሆኖ አይቀርም፤ ዳለቻ ይሆናል› አለ። እኔ ሳቅኩበት። ጥቁር ውርንጭላ ዳለቻ ብሎ ሲጠራ ጎረቤቱም ሳቀበት። በዓመቱ ፊቱ ጀመረው፤ ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ ጎኑ።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ስሙ ከቀለሙ በኋላ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ሐጂ ሳቁ፤ ጥርሳቸው እስኪታይ። ወደ ባለ ጃኬቱም ዞረው ረጋ ብለው ነገሩት። «ወንድሜ፣ ፈረስ ዳለቻ ሆኖ አይወለድም። ኋላ ነው የሚሆነው። ጥቁሩን ለቆ ነጩ ጋ እስኪደርስ፣ መሀሉ ሁሉ ዳለቻ ነው። በረትህ የተወለደ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሳትጠየቅ ትነግረን ነበር።»

«ረስቼው ነው እኮ!» አለ ባለ ጃኬቱ። ዓይኑን በጨው አጥቦ! በረቱ የተወለደ ፈረስ ጥቁር ይሁን ነጭ ረስቶታል። የእኛን ፎቶ ግን አልረሳውም። ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ሰላም ሳይል ወጣ፤ ከበሩ ውጭ አፉን ሞልቶ ሲሳደብ ተሰማን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ እንዲህ ያለውን ነው።

ፈረሱ ወጣ።

እኔና ብሩክ ተያየን። ቁርጥ ፎቶው ነው። ጠቆር ያለ ዳለቻ፤ ጎኑ ላይ ሳንቲም እንደተበተነበት ክብ ክብ ነጠብጣብ አለው፤ ጋማው ጥቁር። ይህን ቀለም ጨርቅ ላይ ባገኘው አንድ ጣቃ ሙሉ ገዝቼ ለማንም አልሸጥም ነበር። ብሩክ ጆሮዬ ስር «አሽ አላልኩህም?» አለኝ። ያን ጊዜ እንኳ አላፈረም።

እህቴ ተነሳች። ቀስ ብላ ሄዳ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ፈረሱ አንገቷ ስር አሸተታት፤ እሷም ግንባሯን አስደገፈችው። አለቀ፣ ተገኘ ብዬ ለሐጂ ምስጋናዬን ማሰናዳት ጀመርኩ።

«የእኔ አይደለም» አለች።

ተጠግቼ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ምን ነካሽ? ፈርደውልሻል እኮ» አልኳት።

«ይሄ ገና ልጅ ነው። የእኔማ ነጥቷል። ዳለቻነቱ የቀረው ጆሮውና ጉልበቱ ላይ ብቻ ነው።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ብሩክ ዞረች። «ያን ፎቶ መቼ ነው ያነሳኸው?»

ብሩክ ስልኩን አየ። ማየት አላስፈለገውም ነበር። «ጋሽ በዳዳ እያሉ ነው፣ አክስቴ።»

«አየህ? በዳዳ እያለ እንዲህ ነበር። ልክ እንዲህ።» እጇን ከፈረሱ ፊት ላይ አላነሳችም።

እኔም አሰላ ከሄድኩ ዓመታት አልፈዋል፤ በዓይኔ የቀረው የፎቶው ፈረስ ነበር። ብሩክን ስለ አሽ ስዘልፈው የዋልኩት ሰውዬ፣ ዳለቻ ያልኩት ፈረስ እስከ ነጭ መሄዱን አላሰብኩትም።

ሐጂ ቃሲም ከመቀመጫቸው ተነሱ። «አዴ አስካለ፣ እንግዲህ ስሚኝ። ያ ሰውዬ ዋሽቷል። ሌላ የመጣ የለም። ጋሪሽም እንደቆመ ሰምተናል። ጌታው እስኪመጣ ድረስ አንቺ ጋ ይቆይ፤ ይሥራልሽ። እኛ እንመሰክራለን።»

ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሽማግሌ የፈቀደው ነው። ተናገሪ፣ እሺ በይ እያልኩ በዓይኔ ጠቀስኳት። አዎ፣ እንድትወስደው ፈልጌ ነበር። ሌባውን ሳብጠለጥል ቆይቼ በደቂቃ ውስጥ እኔም እጄን ወደ ፈረሱ ዘረጋሁ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ሐጂ» አለች። «ግን ጌታው የሚፈልገው እዚሁ ነው። አሰላ ድረስ ማን ብሎ ይመጣል?»

ሐጂ ጎንበስ ብለው እጇን ሳሙ። በዕድሜ ይበልጧታል። ከዚያ እርጎ አስመጡልን፤ ካልጠጣችሁ አትሄዱም አሉን። እኔ አልወረደልኝም። እሷ ግጥም አድርጋ ጠጣች።

ሲመሽ፣ ወደ አሰላ

በመመለሻው መንገድ ብሩክ ከድንጋዩም ከጉድጓዱም አልሸሸም። መኪናዋ በአቧራ ተሸፍና የራሷ ቀለም አይታይም፤ እሱም ልብ አላላትም። ብዙ ከሄድን በኋላ ያንገበገበውን አወጣው።

«አክስቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ፎቶው የእኔ ጥፋት ነው። ግን ማን ያውቅብሽ ነበር? ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ውሰጂ ብለው።»

እህቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር።

«የእኔን ፈረስ አንድ ሰው አግኝቶታል፣ አይደል? የሆነ ቦታ ታስሯል። ያ ሰውም አሁን እንዳንተ ‹ማን ያውቅብኛል› ቢልስ?»

ብሩክ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሳጉሬ ደርሰን አስፋልቱን ያዝን።

አሰላ ስንገባ መብራቱ በርቷል። ከድር በሩ ላይ ይጠብቀናል፤ ጋሪውን አጥቦ፣ ጎማውን ነፍቶ፣ አፍንጫውን ከመሬት አንስቶ በድንጋይ አስደግፎታል። መጀመሪያ ከመኪናው ኋላ ተመለከተ፤ የሚከተል ፈረሰኛ ያለ መስሎት ነው። ቀጥሎ እሷን አያት።

«አዴ፣ ተገኘ?»

«የሰው ተገኘ፣ ከድር» አለችው። «የእኔ ገና ነው።»